ችካሎቹ የተተከሉበት ቦታ

ችካሎቹን የተከላቸው ራሱ ወንድሜ ነው። የመኪና ቻርጀር የሚተክለው ኩባንያ ኢንጂነር ሜትር ዘርግቶ ይለካል፤ ወንድሜ በሱፍ ሱሪውና በተወለወለ ጫማው አጎንብሶ በድንጋይ ይመታል። አራት ችካሎች ነበሩ፤ ጫፋቸው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሲጨርስ ዙሪያቸውን ሲባጎ አሰረና እጁን አራገፈ።

“ትራንስፎርመሩ እዚህ ይቀመጣል” አለ።

አባቴ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። “ለዚህች ቁራሽ ነው ያን ሁሉ ዓመት ሕግ የተማርከው?” አለው በሀዲይኛ።

“ለዚህች ነው እንጂ አባዬ! የትልቁን መሬት ድንበርማ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው የሚጣላው በቁራሽ ነው።”

ኢንጂነሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሀዲይኛ አይሰማም። አባቴ ሲስቅ ግን አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወንድሜ አንድ ነገር ጠየቀው። ከዚያ ሰሞን ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፤ ይህ ግን አልጠፋኝም።

“መኪናው እስኪሞላ ሰውዬው ምን ይሠራል?”

“ስልኩን ያያላ።”

“ስልኩም ባትሪ ቢጨርስበት?”

“እሱንም ይሰካዋል!”

“የት ቁጭ ብሎ? ፕላኑ ላይ መቀመጫ አላየሁም።”

“ጠበቃ፣ ቻርጀር ፕላን ላይ መቀመጫ አይሳልም።”

“ይሳላል። እኛ አገር እንግዳ ቆሞ አይጠብቅም።”

ቤታችን ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ባጃጆች እኛ በር ድረስ ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሹፌሮቹ ዋጋ ጨምሩ ይላሉ። በቤቱና በአስፋልቱ መሃል ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። በስተግራ የእናቴ እንሰት እስከ መንገዱ ይደርሳል። ኩባንያው የፈለገው ያንን ሜዳ ነበር፤ ለኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ጣቢያ።

የዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተው ነበር። ሆሳዕና ሲደርሱ ባትሪያቸው ያልቃል። አንድ ሹፌር ከሆቴል ኩሽና በመስኮት ገመድ አውጥቶ መኪናውን ሲሰካ አይቻለሁ። ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን ይዛ ወጣች። “ምድጃዬ ጠፋ! የማነው ይሄ መኪና ከወጤ ጋር የሚበላው?” ሹፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለመናት። “እህቴ፣ ዱራሜ እስክደርስ ብቻ!” እሷም “ዱራሜ ሂደህ እዚያ ብላ!” አለችው። ወንድሜ ይህን ስነግረው ከሳቀ በኋላ “ይኸውልህ፣ ጣቢያ ያስፈልጋል ማለት እንዲህ ነው” አለኝ።

ሥራው ይህ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። ሌሎች ጠበቆች በመሬትና በፍቺ ክርክር ችሎት ሲውሉ እሱ አዲስ ነገር ይዘው የሚመጡትን ይይዛል። የኔትወርክ ማማ የሚያቆሙትን። ባጃጅ በስልክ የሚያስጠራ መተግበሪያ የሠሩትን ወጣቶች። በመጨረሻም የቻርጀር ሰዎችን። ፈቃዳቸውን ያስጨርሳል፣ ከባለመሬት ጋር ያዋውላቸዋል፣ ውላቸውን ይጽፋል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሲም ካርድና የስልክ ዕቃ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ከቢሮው ፊት ለፊት ነው። ደንበኛ ሲጠፋ እሱ ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ።

አንድ ልማድ ነበረው። ውሉን በአማርኛ ያነባል። ከዚያ ሀዲይኛ ለሚሰማው በሀዲይኛ ያስረዳል፤ ከምባትኛ ለሚሰማው ሰው ይፈልጋል። ከዚያ ብዕሩን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣና ኪሱ ይከታል። “አሁን የገባህን መልሰህ ንገረኝ” ይላል። ባለሥልጣንም ይሁን ገበሬ መልሶ ሳይነግረው ብዕር አይሰጥም። ያልገባው ሰው ሲናገር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ወንድሜ እዚያች ቦታ ላይ ጣቱን ያሳርፍና እንደገና ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ሙዱላ አካባቢ ለሚቆም ማማ መሬታቸውን የሚያከራዩ አሮጊት መጡ። ሁሉንም መልሰው ተናገሩ፤ ከእኔ ይበልጥ ገብቷቸዋል። ከዚያ “አንድ የቀረ ነገር አለ” አሉ።

“ምን ቀረ እማማ?”

“ልጄ አዲስ አበባ ነው። ማማው ሲቆም የምደውልለት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?”

“ሁለታችሁም መደወል ትችላላችሁ።”

“አይ፣ እሱ ይደውል ብለህ ጻፍበት። እኔ መሬት ሰጥቻለሁ።”

ወንድሜ ይህን አልጻፈውም። ግን ልጁን ደውሎ ነገረው።

የእኛ ሜዳ ሲመረጥ ግን ብዕሩን ለሌላ ሰጠ። እሱ የኩባንያው ጠበቃ ነው፤ ባለመሬቱ ደግሞ አባቱ ነው። ለኩባንያው በጽሑፍ አሳወቀና ከዚህኛው ውል ወጣ። ኩባንያው ረቂቁን አዲስ አበባ ባለው ጠበቃው አስጻፈ። ለአባቴ ደግሞ ወንድሜ አብራው ዩኒቨርሲቲ የተማረች ጠበቃ ከዱራሜ ጠራለት። አባቴ ተቀየመ። ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ “ልጄ አልወክልህም አለኝ” ይል ጀመር።

“አባዬ፣ በአንድ አፍ ለሁለት ሰው መናገር አልችልም” አለው ወንድሜ።

“ለእኔ ብቻ ተናገራ!”

“ለአንተማ ልጅህ ነኝ። ያ ይበቃኛል።”

ጠበቃዋ ስትመጣ አባቴ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። “ከምባታ ነሽ?”

“ነኝ አባባ።”

“ታዲያ ለሀዲያ ሽማግሌ ትከራከሪያለሽ?”

“ለከምባታ ሽማግሌም እከራከራለሁ። እነሱ ከእርስዎ ይብሳሉ።”

አባቴ ወንበር አቀረበላት። ከዚያ በኋላ ስለ ቅያሜው አላነሣም።

ረቂቁ ደርሶ ለፊርማ ቀን ሲጠበቅ ወንድሜ ራሱን አመመው። ደክሞኝ ነው አለ። ሐኪም ቤት ስንሄድ በእግሩ ነበር የገባው። ከዚያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኩን። እዚያ አልቆየም። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። አልጋው አጠገብ እኔ ነበርኩ፤ እጁ እስከ መጨረሻው ሙቅ ነበር።

እኛ አስከሬኑን ይዘን መንገድ ላይ ሳለን የዕድር ሰዎች ቤት ደርሰው ነበር። በእኛ በኩል ሰው በገዛ መሬቱ ዳር ይቀበራል፤ በተለይ ቤተሰቡ የሚኮራበት ሰው። አላፊው ያየው ዘንድ ወደ መንገዱ ቀረብ ይደረጋል። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የሄደ ሁሉ በሁለቱም ጎን ቀለም የተቀቡ መቃብሮችን ሳያይ አይሄድም። ዕድርተኞቹ አካፋና ዶማ ይዘው አባቴን “የት ይሁን?” አሉት። አባቴ መናገር አቅቶት በእጁ ወደ ሜዳው ጠቆመ። ሰዎቹ ሜዳው ላይ ሲወጡ አራት ችካሎች አገኙ። ሲባጎው አልተፈታም። ቤተሰቡ ቦታውን ለክቶ፣ ምልክት አድርጎ ያቆየላቸው መሰላቸው። እንደ ወጉ መስሏቸው በሲባጎው ውስጥ ቆፈሩ።

ስንደርስ ጉድጓዱ አልቆ ነበር። ችካሎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ቀይ ጫፋቸው አፈር ለብሷል። ሁሉም ሰው ያለቅስ ስለነበር ማንም ምንም አላለም። ቢልስ ምን ይደረግ ነበር? እኛ ጋ የተከፈተ መቃብር ባዶውን አይደፈንም። ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ወንጌላዊው ጸለየ፤ ወንድሜ ራሱ በተከላቸው ችካሎች መሃል ተቀበረ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ኢንጂነሩ መጣ። ለሥራ መምጣቱ አልነበረም፤ በቀብሩ ላይ መገኘት ስላልቻለ ለማጽናናት ነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። አፈሩን አየ፣ ችካሎቹን አየ። ቤት ገብቶ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠና ስለ ሥራው አንዲት ቃል ሳይናገር ሄደ። ከቀናት በኋላ ግን እኔ ጋ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

“ወንድሜ፣ እንዴት እንደምልህ አላውቅም። ትራንስፎርመሩ...”

“አውቃለሁ” አልኩት።

“ኩባንያው ወይ እንፈርም ወይ ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ እያለ ነው። እኔ አይደለሁም።”

“አንተ እንዳልሆንክም አውቃለሁ።”

ለአባቴ ነገርኩት። የጠበቅኩት ይቆጣል ብዬ ነበር። ሊያባርራቸው ይችላል ብዬም ነበር። እሱ ግን ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ ብዙ ከቆየ በኋላ “ወንድምህ ቃል ሰጥቷል” አለ። “ጣቢያው ይቆማል ብሏል። የሞተ ሰው ቃል በቤተሰቡ አይፈርስም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን አነጋግራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቦታ ይሰጡታል። ይነሣ።”

“ማን ይነሣ?”

ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

የወንድሜ ሥራ እንዲቀር አልፈለግኩም። መቃብሩ እንዲነካም አልፈለግኩም። ሁለቱንም በአንድ ላይ መፈለግ ይቻል እንደሆነ አላወቅኩም። ውሉ ደግሞ የአባቴ ፊርማ ብቻ አይበቃውም፤ መሬቱ የቤተሰብ ስለሆነ እናቴና እኔም መፈረም አለብን። ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ዱራሜ ሄድኩ።

ጠበቃዋ ቢሮዋ ውስጥ ሁለት የሚጨቃጨቁ ወንድማማቾች ይዛ ነበር። አስወጣቻቸው። “እናንተ ውጭ ሆናችሁ ቀጥሉ፤ ሲያልቅ ግቡ” አለቻቸው። ከዚያ ተነሥታ አቀፈችኝ።

“እህቴ፣ እኔ አልፈርምም” አልኳት።

“ምኑን ነው የማትፈርመው?”

“መቃብሩ የሚነሣ ከሆነ።”

ረቂቁን አወጣችና አንዱን አንቀጽ አሳየችኝ። ባለመሬቱ ቦታውን ከማስረከቡ በፊት በላዩ ያለውን ተክል፣ ቤትና ማናቸውንም ሌላ ነገር ያነሣል ይላል። “ይህ ሲጻፍ ወንድምህ በሕይወት ነበር” አለችኝ። “የጻፈው ሰው ስለ ባሕር ዛፍ ነው ያሰበው።”

“አባዬ ቃል ነው ይላል።”

“ቃል ነው። ግን የቱ ነው ቃሉ? ወንድምህ ጣቢያው ይቁም አለ። እዚህች ሲባጎ ውስጥ ካልሆነ አላለም። ያልተፈረመ ረቂቅ ደግሞ ይሻሻላል። አባትህን ግን እኔ ልነግራቸው አልችልም፤ እንግዳ ነኝ። ቤት እንሰብሰብ። እሱ እንደሚያደርገው አድርገን እናንብበው።”

ቀኑ ደርሶ ተሰበሰብን። ኢንጂነሩ የኩባንያውን ውክልና ይዞ መጣ። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከተቀመጥንበት ሆነን በተከፈተው በር ሜዳው ይታያል፤ መቃብሩ ገና ሲሚንቶ አልፈሰሰበትም፣ አፈሩ ዝናብ ጠግቦ ጠቁሯል። ጠበቃዋ ውሉን በአማርኛ አነበበች። በሀዲይኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ እሱ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ድምፄ ይቆራረጥ ነበር። ከዚያ ብዕሩን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“አሁን ሁሉም ሰው የገባውን መልሶ ይናገር” አለች።

አባቴ ጀመረ። የኪራዩን ዘመን ተናገረ። መብራት ሲጠፋ ኃላፊው ማን እንደሆነ ተናገረ። “መብራት ሲጠፋ እኔን እንዳይሳደቡ ጻፉበት” አለ፤ ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ስለ ቦታው ርክክብ ሲደርስ ግን “ይነሣል” ብሎ አለፈው።

“አሁን አንተ” አለችው ጠበቃዋ ኢንጂነሩን።

“እኔም?”

“የሚፈርም ሁሉ ይናገራል። ጠበቃችሁ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ አንተም ታውቃለህ።”

ኢንጂነሩ ቀና ብሎ ተቀመጠ። የራሱን ሥራ ስለሚያውቅ በፍጥነት ነው የተናገረው። “ቦታውን ስንረከብ ከአጥር እስከ አጥር ባዶ ይሆናል። ዛፍ ካለ ይቆረጣል። ቤት ካለ ይፈርሳል። ሌላም ነገር ካለ...”

ቆመ። በበሩ በኩል ወደ ውጭ እያየ ነበር።

“ሌላም ነገር ካለ?” አለችው። ልታስጨንቀው ብላ አይደለም። ወንድሜ ጣቱን እንደሚያሳርፈው ነው።

“ፋዘር፣ ይህን መናገር አልችልም” አለ ለአባቴ። “እሱ እኮ ጓደኛዬ ነበር።”

“ተናገር፤ ግድ የለም። ቃል ነው” አለው አባቴ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ምን እንደምል አስቀድሜ አላሰብኩም። ኢንጂነሩ እንዲገባው በአማርኛ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ወደ ሀዲይኛ ሄጄ ተመለስኩ። “አባዬ፣ እሱ ያለው... ችካል ሲተክል አንተም ነበርክ። ሰው ቆሞ አይጠብቅም አለ። መቀመጫ ይሁን አለ። እኔ የሰማሁት ቃል እሱ ነው። ይቀመጡ እንጂ። ሰዎቹ መጥተው ይቀመጡ። ከእሱ አጠገብ ይቀመጡ። እሱን አንሥተን ማንን ነው የምናስቀምጠው?”

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አባቴ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

ኢንጂነሩ ሜትሩን ከቦርሳው አወጣና ወጣ። ተከትለነው ወጣን። ከመንገዱ ለካ፣ ከምሰሶው ለካ፣ ከቤቱ ለካ፤ ፕላኑን ሣር ላይ ዘርግቶ ተንበረከከበት። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ እንሰቱ አየና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ለመናገር የፈራ ይመስላል።

“ትራንስፎርመሩ ሊቀመጥ የሚችልበት ሌላ ቦታ አንድ ብቻ ነው” አለ። “እዚያ ነው። ማዘር ግን...”

እንሰቱ የእናቴ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ እንኳ አንዱን ተክል ለመንካት እሷን ይጠይቃል። የመንገዱ ዳሩ ደግሞ ትልልቆቹ ያሉበት ነው፤ ለቆጮ ለመፋቅ የደረሱትም፣ ገና የሚቀሩትም። ሁላችንም እሷን አየናት። እንሰቱ አጠገብ ሄዳ አንዱን ቅጠል በእጇ ገለጥ አደረገች።

“እንሰት ምን ይሆናል?” አለች። “ትንሽ ሆኖ እዚህ ይተከላል። ሲያድግ ተነቅሎ እዚያ ይተከላል። እንደገና ይነቀላል። ዕድሜውን ሲነሣ ነው የሚኖረው። ከዚህ ሁሉ መነሣት የለመደው እሱ ነው።” ወደ አባቴ ዞረች። “ልጄ አልለመደም። እንሰቱን አንሡልኝ።”

አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለና ተደግፎበት ቆመ። ከዚያ ኢንጂነሩን “እንግዲህ ችካልህን ከልጄ ላይ ንቀል” አለው።

ኢንጂነሩ ጫማውን አውልቆ ቀረበ። አንድ በአንድ እያወዛወዘ አወጣቸው። የመጨረሻው ጠልቆ ስለነበር አብሬው ሳብኩት።

ጠበቃዋ ረቂቁ ላይ በእጇ አዲስ አንቀጽ ጻፈች። መቃብሩና በዙሪያው ያለው ቦታ ከኪራዩ ውጭ ነው። ቤተሰቡ በማናቸውም ሰዓት ገብቶ ይወጣል። ማስታወቂያ፣ ገመድ ወይም ዕቃ አይሰቀልበትም፤ አይጠጋበትም። ከዚህ ሥር ደግሞ ለደንበኞች መቀመጫ ይሠራል ብላ ጨመረች። እያንዳንዱን እየተረጎምኩ አባቴ መልሶ ተናገረ። የትም ቦታ ላይ አልቆመም። ያኔ ብዕሩን ከቦርሳዋ አወጣች።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። አንቀጹ አዲስ አበባ ያለው የኩባንያው ጠበቃ ጋ ሄደ። እዚያ ተቀምጦ ስንት ቀን እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ረዘመብኝ። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ደወለ።

“መቃብሩን ተቀብለዋል” አለኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ ወደ ሜዳው ወጣሁ። “አለህ? አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው። መቀመጫው ሲሰበር ማን ይጠግነዋል ይላሉ።”

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። ጥያቄውን በአማርኛ ሰምቶ በአማርኛ መለሰ። “እኔ እጠግነዋለሁ በላቸው። አናጺ ነኝ ባልልም ሚስማር መምታት አይጠፋኝም።”

ውሉን ለማስመዝገብ መሬት አስተዳደር ስንሄድ መዝጋቢው መነጽሩን ወደ ላይ አድርጎ ደጋግሞ አነበበው። “የቻርጀር ውል ነው ወይስ የመቃብር?” አለ። “እንዲህ ያለ አንቀጽ አይቼ አላውቅም።”

“አሁን አዩ” አለችው ጠበቃዋ። ማኅተሙን መታው።

እናቴ እንሰቱን ጎረቤቶች ጠርታ አነሣችው። የደረሰው ተፋቀ፤ ያልደረሰው ከቤቱ ጀርባ ተተከለ። የዚያን ሰሞን ከቡላው አታካና የሚባለውን በቅቤ የሚሠራ ምግባችንን ሠራች፤ ኢንጂነሩ ቅቤው በዛብኝ እያለ ሁለት ጊዜ በላ። ከዚያ የመብራት ሰዎች መጡ፣ ትራንስፎርመሩ ቆመ፣ ቻርጀሮቹ ተተከሉ። የወንድሜ መቃብር ሲሚንቶ ተደረገለትና አባቴ ሰማያዊ ቀባው። መቀመጫው በእሱና በቻርጀሮቹ መሃል ነው። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ሳይሆን ጽድ ነው፤ አባቴ ነው የመረጠው።

አሁን መኪኖች ይመጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይበዛሉ። ሹፌሩ ይሰካና መጀመሪያ ስልኩን ያያል፤ ኢንጂነሩ ያለው ልክ ነው። ከዚያ ስልኩ ይሰለቸዋል፤ ቀና ይላል፤ ሰማያዊውን ያያል። “የማነው?” ይላል። አባቴ እዚያ ካለ ይነግረዋል። በአማርኛ ሲናገር ይዘገያል፤ ግን ጊዜ አላቸው። ስለ ማማዎቹ ይነግራል፤ ልጄ አልወክልህም አለኝ እያለ ይነግራል። የሰው ፊት እያየ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አንዳንዱ ያዳምጣል። አንዳንዱ እግዚአብሔር ያጽናዎት ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። በልቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም እኩል አይቀመጥም።

ባለፈው ሰሞን ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ስመለስ አባቴ ከአንድ ሹፌር ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ሰውየው ጎልማሳ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ምን እንደተጨዋወቱ አልሰማሁም። የቻርጀሩ መብራት ተቀይሯል፤ መኪናው ሞልቷል ማለት ነው። አባቴ አይቶ በከዘራው ነካ አደረገው።

“ልጄ፣ ሞልቶልሃል እኮ። መንገድህ ሩቅ አይደለም ወይ?”

“ሩቅ ነው አባባ” አለ ሰውየው። አልተነሣም። “ትንሽ ልቀመጥ።”

አባቴ ለእኔም ቦታ እንዲኖር ጠጋ አለ። ተቀመጥኩ።